ቢጫዋ መብራትና አማናችን

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ትምህርት ሲሆን ለአንባቢያን በሚያመች መልኩ በጽሑፍ ተዘጋጅቷል)



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! በዛሬው ዝግጅታችን ርዕሳችን ለየት ያለ ነው። ስለ መኪና ፍሬን እንነጋገራለን። "ኢማም ስለ ፍሬን ምን አገባው?" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሡኝ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል፣ ኢንሻአላህ።

በቅርቡ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አንድ ወንድማችን ወደ እኔ ቀረበ። ከመቱ በደሌ ሰው በማመላለስ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሹፌር ነው። "ኡስታዝ፣ የመኪናዬ የኤቢኤስ ዕቃ ተበላሽቶብኛል። አዲሱ የሚቀመስ አይደለም። ያገለገለ ገዝቼ ባስገጥም ሐራም ይሆንብኛል ወይ?" ሲል ጠየቀኝ። መልስ ልሰጠው ስል ከጎኑ የቆመ ሰው፣ "ምን አስጨነቀህ? መብራቷን ንቀላትና ተገላገል!" አለው። በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያልሳቅኩት ከእነርሱ የተሻልኩ ስለሆንኩ አይደለም። ይህንኑ ምክር እኔም ከዚህ በፊት ሰምቼ ልቀበለው ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት ቁጠባ በኋላ አንዲት ያገለገለች የቤት መኪና ገዛሁ። ለቤተሰቤ ብዬ የገዛኋት ብትሆንም ጠዋት ጠዋት የመድረሳ ልጆችን ከየሰፈራቸው እየሰበሰብኩ አመጣባት ነበር። ከጊዜ በኋላ በመሪው ፊት ለፊት ካሉት ምልክቶች መካከል አንዲት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። ፍሬኑን ስረግጠው ይይዛል፤ መኪናዋም እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች። ስለዚህ ነገሩን ችላ አልኩት። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ፣ "ኡስታዝ፣ ይህቺ መብራት ለምን አትጠፋም?" ሲል ጠየቀኝ። "ምንም አይደለም፤ አላህ ይጠብቀናል" አልኩት። በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር ነዳሁ።

በኋላ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የዋህና ሰው አክባሪ ወጣት ነው። የዕቃውን ዋጋ ነገረኝና ፊቴን አይቶ፣ "ኡስታዝ፣ ካስጨነቀዎት አምፖሏን እንንቀላት። ለዓመታዊው ምርመራም አያስቸግርዎትም፤ ቦሎዎን ወስደው ይሄዳሉ" አለኝ። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ "አይሆንም" አላልኩትም። "ላስብበት" ብዬው ነው የወጣሁት።

በዚያው ሳምንት ልጆቹን ጭኜ ከሁሩሙ በኩል ወደ መቱ ስመለስ ዝናብ ይጥላል። ቁልቁለቱ ላይ አንድ እረኛ ልጅ ጥጃውን ተከትሎ በድንገት ወደ አስፋልቱ ገባ። ፍሬኑን በኃይል ረገጥኩት። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መኪናዋ ግን መንሸራተቷን አላቆመችም። መሪውን ወደ ዳር ባዞረውም አልታዘዝ አለኝ። በአላህ ፈቃድ ከልጁ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ሲቀረን ቆመች። ልጁ በትሩን እንደያዘ ደርቆ ያየኛል። በመኪናው ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ያ አጠገቤ የነበረው ልጅ፣ "ኡስታዝ፣ መብራቷ ስትበራ የነበረው ለዚህ ነው?" አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ትምህርት ለዚያ ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

ኤቢኤስ ምንድን ነው?

ኤቢኤስ ጎማ በፍሬን ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ ነው። አሠራሩ በመጀመሪያ ለአውሮፕላን ጎማዎች ተሞክሮ፣ ዛሬ በምናውቀው መልኩ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ቦሽ በተባለው የጀርመን ኩባንያ አማካይነት በመርሴዲስ መኪና ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሕዝብ መኪና ወረደ።

አሠራሩን በቀላሉ ለመረዳት አራት ነገሮችን እንወቅ። አንደኛው፣ በየጎማው አጠገብ የተተከለው ሰንሰር ነው። ሥራው ጎማው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር መቁጠር ነው። ሁለተኛው፣ ሰንሰሩ የሚያነብበው ጥርስ ያለው ቀለበት ነው። ሦስተኛው፣ ከሰንሰሮቹ የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ ውሳኔ የሚሰጠው ኮምፒውተር ነው። አራተኛው፣ በኮምፒውተሩ ትእዛዝ የፍሬን ዘይቱን ግፊት የሚለቅና የሚይዝ፣ በውስጡ ቫልቮችና ትንሽ ፓምፕ ያሉት ክፍል ነው። ብዙ ሰው "የኤቢኤስ ፓምፕ" የሚለው ይህንን ነው።

ሹፌሩ በድንጋጤ ፍሬን ሲረግጥ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ቀድሞ ሊቆም ሲል ሰንሰሩ ያንን ያሳውቃል። ኮምፒውተሩም ለዚያ ጎማ የሚሄደውን ግፊት ያላላና መልሶ ይይዛል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ የሚንኳኳ ድምፅም ይሰማል። አንዳንድ ሹፌር መኪናው የተሰበረ መስሎት እግሩን ያነሳል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ኤቢኤስ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ እግርን አጥብቆ መያዝና በመሪ አደጋውን መሸሽ ነው የሚገባው።

ዋናው ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። የተቆለፈ ጎማ በመሪ አይታዘዝም። የሚዞር ጎማ ግን ይታዘዛል። እኔ በዚያ ቁልቁለት መሪውን ሳዞር መኪናዋ ቀጥ ብላ የተንሸራተተችው ለዚህ ነበር። በሌላ በኩል ኤቢኤስ ተአምር እንዳይመስለን። በጠጠርና በላላ አፈር ላይ ለመቆም የሚያስፈልገውን ርቀት ሊያስረዝመውም ይችላል። ኤቢኤስ አለኝ ብሎ በፍጥነት መብረር፣ ጃንጥላ አለኝ ብሎ ወንዝ ውስጥ እንደመግባት ነው።

ቢጫዋ መብራት ስትበራ ምን ማለት ነው? መሣሪያው ራሱን መርምሮ ጉድለት አግኝቷል፤ ሥራም አቁሟል ማለት ነው። ተራው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ግን የለም። ከቢጫዋ ጋር ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ጉዳዩ ከዚህ የከፋ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን አቁሞ ማስመርመር ይገባል።

የእኛ መንገድና የእኛ መኪኖች

አድማጮቼ! ይህ ጉዳይ ለኢሉባቦር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። አካባቢያችን በአገራችን ዝናብ በብዛት ከሚዘንብባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። መንገዳችን በጫካ መሐል የሚያልፍ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ከበደሌ ተነስተን በያዩ፣ በሁሩሙ አድርገን መቱ እስክንደርስ፣ ከመቱም ወደ ጎሬ ስንወጣ ኩርባው ብዙ ነው። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሰው ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቦታ ተነስቶ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ምን ያህል እንደሚግል ሹፌሮች ያውቁታል። በገበያ ቀን መንገዱን ሰውና ከብት ይሞላዋል። ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት በአስፋልቱ ዳር ሕፃንና አዛውንት ሳይቀር ተሸክሞ ይመላለሳል።

መኪኖቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። በሌላ አገር ሰው ነድቶ የጨረሳቸውን ገዝተን ነው እኛ አዲስ ኑሮ የምናስጀምራቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር መቆየቷ ነው። ዕቃዋ ሲያልቅ አዲስ ኦርጅናል ለማግኘት አቅም ይጠይቃል። ስለዚህ ሰዉ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዘመድ ይልካል፤ ወይም ከዱባይና ከሻርጃ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ያፈላልጋል። ይህ ድህነታችን እንጂ ወንጀላችን አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ከዚህ ቀጥሎ የምንሠራው ነው።

ያገለገለ ዕቃ፤ የትኛው ይገዛል?

ይህንን ክፍል የማቀርበው ከባለሙያዎች ጠይቄ ነው። አላህ (ሱ.ወ) የማናውቀውን የሚያውቁትን እንድንጠይቅ አዞናልና።

በመጀመሪያ፣ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት በሽታው ይታወቅ። መብራቷ በራች ማለት የግድ ዕቃው ሞቷል ማለት አይደለም። ሰንሰሩ በጭቃና በብረት ብናኝ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ተቆርጦ፣ የጎማው ኩሽኔታ ላልቶ፣ ወይም ጥርሱ ያለው ቀለበት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በመጠን ሲለይ እንኳ ኮምፒውተሩ ይሳሳታል። በኮምፒውተር የሚመረምር ጋራዥ ካለ ጉድለቱ ያለበትን ጎማ ለይቶ ይነግረናል። ሳያስመረምሩ ዕቃ መለዋወጥ ገንዘብን ጭቃ ላይ መበተን ነው።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ሰንሰር ሊገዛ የሚችል ዕቃ ነው። ሽቦው ያልተሰነጠቀ፣ ሶኬቱ ያልዛገ፣ ጫፉ ያልተፋቀ መሆኑ ይታያል። በርካታ የቀድሞ ሥሪት ሰንሰሮች በቴስተር ሊለኩም ይችላሉ። ኮምፒውተሩና ፓምፑም በጥንቃቄ ሊገዙ ይችላሉ። ነገር ግን በላያቸው የተጻፈው ቁጥር ከወጣው ዕቃ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። "የአንድ ዓይነት መኪና ነው፤ ሶኬቱም ይገባል" ማለት በቂ አይደለም። ሶኬቱ ገብቶ ሥራው የማይገባበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ፓምፕ ሲገዛ የዘይት ቀዳዳዎቹ ተደፍነው የተቀመጡ መሆናቸውን እንይ። ተከፍቶ አቧራና እርጥበት የገባበት ፓምፕ በውስጡ ዝጎ ይሆናል። ከተገጠመ በኋላም በመስመሩ ውስጥ የቀረው አየር በሚገባ መውጣት አለበት። በአንዳንድ መኪኖች አየሩ ሙሉ በሙሉ የሚወጣው ፓምፑን በመመርመሪያ ኮምፒውተር በማዘዝ ነው። አየር የቀረበት ፍሬን እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። አዲስ የፍሬን ዘይት መሞላቱንም አንርሳ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ያረጀ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። ባለሙያዎች በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ያገለገለ ፈጽሞ የማይገዛ ነገር አለ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የፍሬን ጎሚኒና የፍሬን ዘይት ያገለገለ አይገዛም። እነዚህ ዕድሜያቸው በውስጣቸው የሚያልቅ፣ ከላይ ሲታዩ ግን ደህና የሚመስሉ ናቸው።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ያገለገለ ዕቃ መሸጥና መግዛት በመሠረቱ ሐላል ነው። ዕቃው ታውቆ፣ ሁኔታው ተነግሮ፣ ሁለቱም ወገኖች ወደው ከተስማሙ ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው በመደበቅ ላይ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ይገኛል። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ልብ በሉ! እህሉን ዝናብ ማግኘቱ የሰውየው ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነበር። እንግዲህ በመኪናችን ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ከላይ የወጣው እርጥብ እህል ናት። አምፖሏን የነቀለ ሰው እርጥቡን መልሶ ከሥር ቀበረው። ያውም እርጥብ እህል ቢበዛ ሆድ ያማል፤ የተደበቀ ፍሬን ግን ነፍስ ያጠፋል።

ታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) የጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ ይታወቃል። ባልደረባቸው እንከን ያለበትን ጨርቅ እንከኑን ለገዢው መንገር ረስቶ ሸጠው። ገዢውም ተፈልጎ አልተገኘም። ኢማሙ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ እንዳደረጉት ታሪካቸውን የጻፉ ሊቃውንት ያወሳሉ። በጨርቅ እንዲህ ከሆነ በፍሬን እንዴት ይሆን?

በፊቅሃችን "ኺያሩል ዐይብ" የሚባል ድንጋጌ አለ። ገዢው ሲገዛ ያላወቀው፣ ከሻጩ እጅ የመጣ ጉድለት ከተገኘ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን የመውሰድ መብት አለው። የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። የሸማቾችን መብት ለመጠበቅ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ያገለገለን ዕቃ አገልግሎቱን ሳይገልጹ መሸጥን ከልክሏል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ፣ ሻጩም ከየት እንዳመጣው መናገር የማይፈልግ ዕቃ ሲያጋጥመን ቆም እንበል። ከሰው መኪና ላይ የተፈታ ሊሆን ይችላል። ስፖኪዮው ተነቅሎ ያደረ ሰው ሐዘኑን እናውቀዋለን። የተሰረቀ መሆኑን እያወቅን ብንገዛ ከሌባው ጋር ተባባሪ እንሆናለን።

እንግዲህ ለወንድማችን የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። "ያገለገለውን ግዛ፤ ቁጥሩ ይግጠም፤ ምንጩ ይታወቅ፤ በሚያውቅ ባለሙያ ይገጠም፤ ሠርቶ መብራቷ በራሷ ትጥፋ። እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ጭነህ በዝናብ ቁልቁለት አትውረድ። ጉድለቷን አውቀህ ተሳፋሪ ከጫንክ በሰው አማና ላይ ነው የምትነዳው።" እርሱም፣ "ኡስታዝ፣ መኪናዋ አንድ ቀን ከቆመች ልጆቼ ምን ይበላሉ?" አለኝ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሚጠይቀውም ችግሩ ያለበት ሰው ነው። ለዚህ መልሱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው። እንዲህ ላለ ወንድም ዕቃውን የሚገዛበት ገንዘብ ያለ ወለድ ማበደር የምንችል ሰዎች በየመስጊዱ አለን። በጀናዛ ቀን እጃችንን የምንዘረጋውን ያህል ከጀናዛው በፊት ብንዘረጋ ምን አለበት?

ለጋራዥ ባለሙያዎች

ወንድሞቼ መካኒኮች! እጃችሁ ጥቁር ዘይት ቢነካውም ሥራችሁ ንጹሕና የተከበረ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ማስተማራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሊቃውንትም ይህንን ለሌሎች ሙያዎች መመዘኛ አድርገውታል። የማታውቁትን "አላውቅም" ማለት ውርደት አይደለም። ደንበኛ አምፖሏን ንቀሉልኝ ቢላችሁ፣ "ይህንን አልሠራም" በሉት። ለጊዜው ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄድባችሁ ይሆናል። ሪዝቅ ግን በዚያ ደንበኛ እጅ አይደለም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ አሳዩት፤ የገጠማችሁት ያገለገለ ከሆነም በደረሰኙ ላይ ጻፉለት።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

እናቶች፣ እህቶች፣ መኪና መንዳት የማትችሉ ሁሉ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። አንድ ቀላል ምርመራ ላስተምራችሁ። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ይበራሉ። ኤቢኤስ ባለው መኪና ላይ የኤቢኤስ ምልክትም አብራ መብራት አለባት። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላም ትጠፋለች። በርታ ከጠፋች መሣሪያው ራሱን መርምሮ ደህና ነኝ አለ። በርታ ካልጠፋች ጉድለት አለ። ጨርሶ ካልበራች ግን ተጠንቀቁ! ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል፤ ወይም ሰው ነቅሏታል። ከዚህም አልፈው ሽቦዋን ከሌላ መብራት ጋር አገናኝተው አብራ እንድትጠፋ የሚያደርጉ አሉ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ስትገዙ በዓይን ብቻ አትመኑ። በኮምፒውተር አስመርምሩ፤ ሻጩንም "የፍሬኑ ጉድለት ምንድን ነው?" ብላችሁ በምስክር ፊት ጠይቁት። ሐቀኛ ሻጭ በጥያቄ አይቆጣም። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁ ግን በረካው እንደሚነሳ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ያስተምረናል።

ልጆቻችሁን ለትምህርት ቤት ወይም ለመድረሳ መኪና የምትሰጡ ወላጆች ደግሞ ሹፌሩን ጠይቁት። ሹፌሩ ኢማምም ቢሆን ጠይቁት።

ይህንን የምላችሁ ምክንያት አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዋን አቆምኳት። ተመርምራ የፊት ቀኙ ጎማ ሰንሰር መሞቱ ታወቀ። በመጀመሪያ የተገዛልኝ ያገለገለ ሰንሰር ሶኬቱ ገጥሞ ቁጥሩ የተለየ ነበርና አልሠራም። ሻጩ አላህ ይባርከው መልሶ ተቀበለን። ሁለተኛው ሠራ። መብራቷም ማንም ሳይነካት በራሷ ጠፋች። ሰው በሌለበት ቦታ ደጋግሜ ፍሬን እየረገጥኩ ከሞከርኳት በኋላ ነው ወደ ሥራ የመለስኳት።

ከዚያ በኋላ ግን ከፍሬኑ የከበደ ሥራ ቀረኝ። በየልጆቹ ቤት እየዞርኩ ለወላጆቻቸው የሆነውን ነገርኳቸው፤ ዐፍው እንዲሉኝም ጠየቅኩ። አባቶች "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም" እያሉ አጽናኑኝ። አንዲት እናት ግን ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ሦስት ወር፣ ኡስታዝ?" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እንዳይወጣም እፈልጋለሁ።

ለዚያ ልጅ "አላህ ይጠብቀናል" ብዬው ነበር። ቃሉ እውነት ነው። በአፌ የወጣው ግን ለስንፍናዬ መሸፈኛ ሆኖ ነው። ግመሉን ሳያስር መመካት ይችል እንደሆነ የጠየቀውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ እንደመከሩት ቲርሚዚ ዘግበውታል። የዛሬው ዘመን የግመል ማሰሪያ ፍሬን ነው። ተወኩል ከጥገና በኋላ የሚመጣ እንጂ በጥገና ፋንታ የሚቀርብ አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) አንዲትን ነፍስ ያዳነ የሰውን ዘር ሁሉ እንዳዳነ እንደሚቆጠር በቁርአኑ ነግሮናል። በመንገድ ዳር የቆመው እረኛ ልጅ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አልጠየቅኩም። ስሙንም አላውቅም። አማናው ግን በእኔ እግር ሥር ነበር። ነገ ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ ቢጫዋን መብራት ተመልከቷት። እውነቱን እየነገረቻችሁ ከሆነ አፏን አትዝጉባት።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን። ከሪዝቃችን ሐራሙን ያርቅልን። ያጠፋነውን ይማረን፤ የበደልናቸውንም ዐፍው ያሰኝልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።